የነገሥታት ፊልሞች፦ ወርቁ በዝቶ ፊልሙ የት ገባ?

በኢንተርኔት የፊልም መወያያ መድረካችን ላይ ይህን ክር (ጥያቄና መልሶቹ የሚደረደሩበትን ገጽ) የከፈትኩት እኔ ነኝ። ስለ ነገሥታትና ንግሥታት የሚሠሩ፣ ገንዘብ እንደ ውኃ የሚፈስባቸው ታሪካዊ ድራማዎች አብዛኞቹ ዓይን ይማርካሉ እንጂ እንደ ፊልም አይሳኩም ብዬ ጻፍኩ። የሚሳኩት ጥቂቶቹ ድሎቱ ራሱ በታሪኩ ውስጥ ሥራ የተሰጠው ናቸው፤ ሐሩና ወርቁ አንዱን ሰው ሲያስረው፣ ሲያዋርደው ወይም ኪሱን ሲያራቁተው የምናይባቸው። ድሎቱ እንዲደነቅ ብቻ ከተሰቀለ ግን የፊልሙ ነገር ገና ከጅምሩ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ የምናየው የልብስ ትርኢት ነው። በምሳሌነት ያነሳሁት በ1963 የወጣውን «ክሊዮፓትራ» ነበር (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ለንደን ላይ ተጀምሮ፣ እዚያ የተሠራው ሁሉ ተጥሎ፣ ሮም ላይ እንደ አዲስ የተገነባ፣ ለኤልዛቤት ቴይለር ብቻ 65 ልብስ የተሰፋበት ፊልም ነው። ተሳክቷል የሚል ካለ ያስረዳኝ ብዬ ዘጋሁ።

ከዚያ የመጣውን መልስ እንደ አመጣጡ፣ ሰዎቹን በመልሳቸው ቁጥር እየጠራሁ ላውጋችሁ።

ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀደመ፣ ሐሳቡን እንደወደደው ተናገረ፣ ቀጥሎ ግን «ተሳካ» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ጠየቀኝ። ገንዘቡን መለሰ ለማለት ነው? ሽልማት አገኘ ለማለት ነው? ወይስ ከ50 ዓመት በኋላም ሰው ፈልጎ ያየዋል ለማለት? በቁጥር 2 የመለስኩለት እኔው ነኝ፤ ሦስተኛውን ነው አልኩት። ሽልማቱማ ለእነዚህ ፊልሞች ሞልቷል። ኦስካር ለአልባሳትና ለቤተ መንግሥት ግንባታ እጁ ሰፊ ነው፤ «ክሊዮፓትራ» ራሱ 4 ወስዷል፣ አንዱም ግን ለትወና ወይም ለድርሰት አልነበረም።

ቁጥር 3 ፊልሙ በታሪክ ትልቁ ኪሳራ ነው፣ ማንም አላየውም ብሎ ደመደመ። ቁጥር 4 ወዲያው አረመው። በአሜሪካ በዚያ ዓመት የእሱን ያህል ያስገባ ፊልም አልነበረም፤ ሕዝቡ ጎርፎ አይቶታል። ችግሩ ወጪው ነው። ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስለፈጀ ቲኬቱ ሊሸፍነው አልቻለም፣ ስቱዲዮውንም ለመዘጋት አፋፍ ላይ አደረሰው። ሒሳቡ የተቃናው በ1966 የቴሌቪዥን ማሳያ መብቱ በ5 ሚሊዮን ዶላር ከተሸጠ በኋላ ነው። ቁጥር 5 ደግሞ ጥፋቱን ወደ መቀሱ ወሰደው። ዳይሬክተሩ ጆሴፍ ማንኪዊች ሁለት ፊልም ነበር የፈለገው፤ አንዱ ስለ ቄሣርና ክሊዮፓትራ፣ ሌላው ስለ አንቶኒና ክሊዮፓትራ፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ሰዓት ያህል። አዘጋጆቹ ሁለቱን ጨፍልቀው አራት ሰዓት አደረጓቸው፣ ኋላም ጭራሽ አሳጠሩት። ስለዚህ ገጸ ባሕርያቱ ሳይበስሉ የቀሩት ወርቅ ስለበዛ ሳይሆን ሥጋው ስለተቆረጠ ነው ባይ ነው።

ምልልሱን እውነተኛ ክር ያደረገው ግን ቁጥር 6 ነው። ክሊዮፓትራ ሮም የምትገባበትን ትዕይንት አነሳ። ያ ሁሉ ሰልፍ፣ ፈረሰኛው፣ ጨፋሪው፣ ባሪያዎች የሚጎትቱት ግዙፍ የድንጋይ ምስል፣ ከላይ በወርቅ ያሸበረቀችው ንግሥት ከልጇ ጋር። ወርዳ ቄሣር ፊት ትደርስና በክብር ጎንበስ ትላለች፤ ቀና ስትል በዓይኗ ትጠቅሰዋለች። በቁጥር 6 ግንዛቤ ያ ጥቅሻ ሰልፉን በሙሉ ይተረጉመዋል። ሴትዮዋ ድሎቱ ቲያትር መሆኑን ታውቃለች፣ ቲያትሩን ያዘጋጀችውም የሮም ሸንጎ ልጇን የቄሣር ወራሽ አድርጎ እንዲያይላት ነው። ስለዚህ በራሴ መለኪያ ብንሄድ እንኳ ያ ትዕይንት ተሳክቷል አለ። ስለዚያ ትዕይንት ልክ ነው። አንድ ትዕይንት አራት ሰዓት ይሸከማል ወይ የሚለውን ግን ዘሎታል።

ቁጥር 7 እትዬ ናቸው። ለቲያትር ቤት አልባሳት ሲሰፉ የኖሩ ናቸውና መድረኩ ላይ ሁላችንም አንቱ እንላቸዋለን። የፊልም ሐያሲ እንዳልሆኑ አስቀድመው፣ አንድ ታሪክ አጫወቱን። ለአንዲት ንግሥት የሰፉት ቀሚስ ከብዶና ሰፍቶ ተዋናይቱ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃታት። ልብሱን ለማሻሻል ጊዜ አልነበረም፤ ዳይሬክተሩ ንግሥቲቱ ቆማ ትናገር አለ። ንግሥት ቆማ መኳንንት አይቀመጡምና አማካሪዎቿም ሁሉ መቆም ግድ ሆነባቸው። እስከዚያ ቀን የሚያንቀላፋ የነበረው የሸንጎ ትዕይንት ነፍስ ዘራ። ሽማግሌዎቹ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወሩ ንግሥቲቱ በቶሎ እንድትጨርስ ይለምኗት ጀመር፤ እሷ ደግሞ ይህን አይታ ነገሩን ታስረዝማለች። ልብስ ከባድ ከሆነ ይክበድ፣ ክብደቱን ግን አንድ ሰው ይሸከመው ነው የእትዬ ነገር። እኔ በሦስት አንቀጽ ያልኩትን እሳቸው በአንድ ቀሚስ ጨረሱት።

አያይዘውም በ2018 የወጣውን የዮርጎስ ላንቲሞስን «ዘ ፌቨሪት» አመሰገኑ። የአልባሳት ባለሙያዋ ሳንዲ ፓወል ለማድ ቤት ሠራተኞቹ የሰፋችው ከአሮጌ ጂንስ ነው፤ የቤተ መንግሥቱን ሴቶች ልብስ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ አድርጋ፣ ዳንቴል የሚመስለውን ጌጥ በሌዘር አስቆርጣዋለች። የዘመኑ ጨርቅ አይደለም፤ ቅርጹ ግን የዘመኑ ነው፣ ማን ከማን በላይ እንደሆነም ከሩቅ ይታያል። የብሪታንያዋ ንግሥት አን በዚያ ፊልም በሪህ የታመመች፣ 17 ጊዜ አርግዛ አንድም ልጅ ለአቅመ አዳም ያልደረሰላት ሴት ናት። ሰፊው ሌንስ ክፍሉን እያጎበጠ ሲያሳየን፣ ትልቁ አዳራሽ እሷን የሚውጥ ጉድጓድ ይመስላል።

ቁጥር 8 ከእትዬ ቀጥላ የሶፊያ ኮፖላን «ማሪ አንቷኔት» (2006) አመጣች። የፈለገችው ኬኩንና ፀጉሩን ሳይሆን የጠዋቱን ልብስ መልበስ ነው። ለፈረንሳዩ አልጋ ወራሽ የተዳረችው ልጅ ራቁቷን ቆማለች፣ ብርድ ነው። የውስጥ ልብሷን የማቀበል መብት በማዕረግ ለምትበልጠው ሴት ነው። አንዷ ልታቀብላት ስትል የምትበልጣት ትገባለች፣ ልብሱ ወደዚያች ይተላለፋል፤ ደግሞ ሌላ የምትበልጥ ትገባለች። ልጅቱ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ትንቀጠቀጣለች። ቁጥር 8 እንዳለችው እዚያ ክፍል ውስጥ ካለው ወርቅ ሁሉ አንዲት ሸሚዝ የሚያቀብል እጅ ጠፋ።

ከዚህ በኋላ ነው ድምፁ የተለወጠው። ቁጥር 9 ፊልሙ የሁለት ሰዓት የሙዚቃ ቪዲዮ ነው፣ በካን ፊልም ፌስቲቫል ተመልካቾች የጮሁበት ያለ ነገር አይደለም፣ በጫማ ክምር መሐል ስኒከር ጣል ማድረግም ብልጠት ሳይሆን ስንፍና ነው ብሎ ወረፈ። ቁጥር 10 ስኒከሩ ተረስቶ የቀረ ሳይሆን ሆን ተብሎ የተቀመጠ መሆኑን አስረዳችው፤ ማሪ አንቷኔት ከኦስትሪያ ስትሸኝ 14 ዓመቷ ነበር፣ ዳይሬክተሯም ታዳጊ መሆኗን እንዳንረሳ ነው የፈለገችው አለች። እዚህ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። ነገር ግን ወንዶች የሴት ልጅ ክፍል ሲያዩ ሁልጊዜ ስንፍና ነው የሚሏት ብላ ጨመረች፣ ቁጥር 9ም እንደ እሳት ነደደ። የተመላለሱትን ዘልዬዋለሁ፤ ስለ ፊልም አልነበረም።

ቁጥር 11 የታሪክ መምህር ነኝ ባይ ነው፤ ጽሑፉም ያንን ይመስላል። የእሱ ቅሬታ ሌላ ነው፦ ፊልሞቹ ይዋሻሉ። በ2010 የወጣው «ዘ ኪንግስ ስፒች» ቸርችልን የጆርጅ 6ኛ ደጋፊ አድርጎ ያሳያል፤ በ1936ቱ የዙፋን ቀውስ ጊዜ ግን ቸርችል የቆመው ዙፋኑን ከለቀቀው ወንድሙ ከኤድዋርድ 8ኛ ጎን ነበር። በ2018ቱ የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ ፊልም ሜሪና የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ፊት ለፊት ተገናኝተው ይነጋገራሉ፤ በሕይወታቸው ግን አንድም ቀን አልተያዩም። ታሪክ የማያውቅ ተመልካች ይህን እውነት ብሎ ይዞ ይወጣል አለ።

ቁጥር 12 ታሪክ የፈለገ መጽሐፍ ያንብብ ብሎ በአንድ መስመር አለፈው። ቁጥር 13 ለዘብ ብሎ፣ የሁለቱን ንግሥቶች መገናኘት ሲኒማ እንዳልፈጠረው አስታወሰ፤ ጀርመናዊው ሺለር በ1800 በቲያትሩ አገናኝቷቸዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሁለት ባላንጣዎች ተያይተው ካልተነጋገሩ መድረኩ ባዶ ነው። ቁጥር 11 በቁጥር 14 ተመልሶ ውሸት ስላረጀ እውነት አይሆንም አለ፣ ለቁጥር 12ም አንባቢ ቢሆን ኖሮ ይህን በአንድ መስመር ባላለፈው ነበር የሚል ጣል አደረገ። በቁጥር 15 አድሚኑ ገብቶ ሁሉም በልክ ይናገር ዘንድ ለመነ።

እኔ በዚህ ጉዳይ የቁጥር 11ን ቁጣ ባልጋራውም አንድ ነገር አነሳስቶልኛል። «ዘ ኪንግስ ስፒች» በ15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ከ400 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል፣ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሏል። ከሁሉ በላይ የምናስታውሰው ክፍል ግን ቤተ መንግሥት አይደለም። ግድግዳው የተላላጠ የንግግር ሐኪም ክፍል ነው፤ የሚንተባተበው ንጉሥ ሶፋው ጥግ ላይ ተጣብቆ፣ ከጎኑ ያ ሰፊ ባዶ ግድግዳ። ድርሰቱን የጻፈው ዴቪድ ሳይድለር ራሱ በልጅነቱ ይንተባተብ ነበር። የንጉሡ ሚስት በሕይወት ሳለች ጉዳዩ እንዳይነሳ ስለጠየቀችው፣ በ2002 እስክታርፍ ድረስ ታሪኩን ይዞ ቆይቷል። ንጉሥነቱ በዚያ ፊልም ሁሉ አለ፤ ድሎት ግን እምብዛም የለም። ስለዚህ ጥያቄዬ እሱን በቀጥታ አይነካውም፤ ያም ሆኖ ለአዘጋጆች የሚነግራቸው ነገር አለው።

ቁጥር 16 የስታንሊ ኩብሪክን «ባሪ ሊንደን» (1975) የነገሥታት ፊልም ሁሉ ዘውድ ነው አለ፤ በሻማ ብርሃን የተቀረጸ፣ ለናሳ ተብሎ በተሠራ የዛይስ ሌንስ። ቁጥር 17 ሌንሱ እውነት ነው፣ ታሪኩ ግን ስለ ንጉሥ ሳይሆን ወደ መኳንንት ለመጠጋት ስለሚፍጨረጨር አየርላንዳዊ ነው፤ ጆርጅ 3ኛ ብቅ የሚለው ለአፍታ ነው ብሎ አረመው። ቁጥር 16 አመስግኖ ተቀበለ። በዚህ ክር ውስጥ እርማት ተቀብሎ ያመሰገነ ብቸኛው ሰው ነው።

ቁጥር 18 የረጅም ጽሑፍ ሰው ነው። ስለ በርናርዶ ቤርቶሉቺ «ዘ ላስት ኤምፐረር» (1987) ጻፈ። 19,000 አጃቢ ተዋንያን ተሳትፈውበታል፣ ቤጂንግ ያለው የንጉሠ ነገሥታቱ ቅጥር ግቢ ውስጥ እንዲቀረጽ ፈቃድ አግኝቷል፣ ለኦስካር በ9 ዘርፍ ታጭቶ 9ኙንም አሸንፏል። ድሎት ከተባለ ከዚህ ወዲያ የለም። ሦስት ዓመት ያልሞላው የቻይና የመጨረሻ ንጉሠ ነገሥት ፑዪ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ይሰለቸዋል፤ ተነስቶ በነፋስ የሚነፋውን ቢጫ መጋረጃ ሊይዝ ይሮጣል። መጋረጃው ሲገለጥ ከፊቱ ሺዎች ተደርድረው ይሰግዳሉ። ልጁ አላያቸውም፤ ከመሐላቸው አንዱ የያዘው ፌንጣ ድምፁን አሰምቶት፣ የት እንዳለ እየፈለገ በረድፎቹ መካከል ይሄዳል። ቁጥር 18 እንደሚለው 19,000 ሰው ያስፈለገው ለዚህ ነው፦ ሁሉም ተሰልፎ ልጁ ከቁብ እንዳይቆጥረው። የሰጋጁ ብዛት ባነሰ ቁጥር ፌንጣዋም ባነሰች ነበር። ከክሩ ሁሉ ይህን ያህል የወደድኩት መልስ የለም፤ ስለ ገንዘብ መቃጠል ያለኝን አስተያየትም ቦታ ቦታውን አስያዘልኝ።

ቁጥር 19 ሕንድን አመጣች። በ1960 የወጣው የኬ. አሲፍ «ሙጋል-ኤ-አዛም» ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል፣ በዘመኑ በሀገሩ ከተሠሩት ሁሉ ውዱ ነበር። አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ሲሆን የመስታወቱ አዳራሽ ጭፈራ ግን በቀለም ነው። ጨፋሪዋ አናርካሊ ልዑሉን ሳሊምን ትወዳለች፤ አባቱ አክባር ይህን አይፈቅድም። እሷ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ፍቅሯን እንደማትፈራ ትዘፍናለች፣ ጣሪያው ላይ ያሉት መስታወቶችም ምስሏን ያበዙታል። አክባር ዓይኑን ወደ ላይ ቢያነሳም አናርካሊ ናት፤ የትም ቢዞር አያመልጣትም። የገዛ አዳራሹ ጌጥ ከድቶት ከአንዲት ጨፋሪ ጎን ቆመ።

ከዚያ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። ቁጥር 20 ስለ ሱልጣን ሱሌይማን ከተሠራው የቱርክ ተከታታይ ድራማ በላይ የነገሥታት ታሪክ የለም አለ። ቁጥር 21 ስለ ፊልም እያወራን ተከታታይ ድራማ ምን አመጣው ብሎ ተቆጣ። ቁጥር 22 ግን አላግባብ አልገባም አለች፤ ከ2011 እስከ 2014 የታየው ያ ድራማ በ2012 የሀገሪቱን ጠቅላይ ሚኒስትር በአደባባይ አስቆጥቷል፤ ሱልጣኑን ከጦር ሜዳ ይልቅ እልፍኝ ውስጥ አቆይቶታል ተብሎ። የዛሬ ገዢዎች ስለ ጥንት ገዢዎች በሚሠራ ነገር ዝም አይሉም። እዚህ ላይ ቁጥር 23 የሶቪየቱን ዳይሬክተር አይዘንስታይንን አስታወሰ፤ የ«ኢቫን ዘ ቴሪብል» ክፍል አንድ የስታሊን ሽልማት ሲሸለም፣ ጨካኝነቱንና ጥርጣሬውን ያጎላው ክፍል ሁለት ግን ታግዶ እስከ 1958 አልታየም። ይህ ራሱን የቻለ ክር ይወጣዋል፤ ቁጥር 23 እንዲከፍተው ጠይቄዋለሁ።

ቁጥር 24 ወደ ገንዘቡ መለሰን። የናፖሊዮንን የመጨረሻ ውጊያ በሚያሳየው የሰርጌይ ቦንዳርቹክ «ዋተርሉ» (1970) 15,000 ያህል የሶቪየት ወታደሮች ዩኒፎርም ለብሰው ተሰልፈዋል፤ ዛሬ በኮምፒውተር የሚባዛ ሠራዊት ያንን አቧራ አያነሳም አለ። ፊልሙ ገበያ ላይ ወደቀ፣ ኩብሪክ ስለ ናፖሊዮን ሊሠራ ያሰበውንም ይዞት ወደቀ፤ አዘጋጆቹ ፈርተው እጃቸውን ሰበሰቡ። ቁጥር 25 ይህን ሲሰማ ቀጥታ ወደ እኔ ዞረ። አባባሌ ለሁሉ እንደማይሠራ ለማሳየት የሶኩሮቭን «ራሽያን አርክ» (2002) አቀረበ። ሴንት ፒተርስበርግ ባለው ዊንተር ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ከ2,000 በላይ ሰው ታሪካዊ ልብስ ለብሶ፣ ካሜራው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሳይቆረጥ በአንድ ትንፋሽ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ገጸ ባሕርይ ብሎ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ድሎቱ የሚያስረው ሰው የለም፣ የሚያዋርደው የለም፤ ያም ሆኖ ሰው ዛሬም ፈልጎ ያየዋል። ይህንስ ምን ትለዋለህ አለኝ።

እዚያ ፊልም ውስጥ የታሰረው ካሜራማኑ ነው አልኩት። የሚቆረጥ ነገር ስለሌለ ድሎቱ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተጭኗል፤ አንዱ አጃቢ ቢሰናከል ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል፣ ተመልካቹም ይህን ያውቃል፣ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚያየው። ቁጥር 25 ማምለጫ ነው አለ። ነው ብሎ ማመን መብቱ ነው።

ከዚያ ቁጥር 26 ለክርክሩ ሁሉ ዳኛ የሚሆን ፊልም ይዤአለሁ ብሎ ሮቤርቶ ሮሴሊኒ በ1966 ለፈረንሳይ ቴሌቪዥን ስለ ሉዊ 14ኛ የሠራውን ጠቆመ። መንግሥቱን ይመራ የነበረው ካርዲናል ማዛራን በ1661 ሲሞት ወጣቱ ንጉሥ ሥልጣኑን በእጁ ያስገባል፤ መሣሪያው ጦር ሳይሆን ልብስ ሰፊ ነው። ሪባኑን፣ ዳንቴሉን፣ የእጅጌውን ስፋት ራሱ ይወስናል፣ መኳንንቱም እሱን ለመምሰል ሲሉ ሀብታቸውን ጨርሰው ከእጁ እንዲበሉ ያደርጋቸዋል። በልጅነቱ በመኳንንት ዓመፅ ከፓሪስ ሸሽቶ ያደረ ልጅ ነው፤ ሁለተኛ እንዳይነሱበት በሐር ያስራቸዋል። ድሎት ሥራ ይሥራ ካልኩ፣ ከዚህ የበለጠ የሚሠራ አላውቅም።

ቁጥር 27 አይቶት ሲያንቀላፋ እንደነበር ተናገረ፤ ንጉሡን የሚጫወተው ሰውዬ እንደ እንጨት የደረቀ ነው፣ ዓይኑም ሰው አያይም። ቁጥር 26 ምክንያቱን ነገረው፦ ሰውየው ሙያተኛ ተዋናይ አልነበረም፣ ቃሉን መያዝ ስላቃተው ከካሜራው ጎን ከቆመ ሰሌዳ ላይ እያነበበ ነው የሚናገረው። ቁጥር 28 ታዲያ ይህ ዕድል ነው እንጂ ጥበብ አይደለም፣ ለደካማ ተዋናይ ሰበብ መፈለግ ነው ብሎ ተሳለቀ። እትዬ በቁጥር 29 ተመለሱ። ቃል ይጠፋብኝ ይሆን ብሎ የሚፈራ ተዋናይና መኳንንቱ ይነሱብኝ ይሆን ብሎ የሚፈራ ንጉሥ አንገታቸውን የሚይዙት አንድ ዓይነት መሆኑን፣ እሳቸውም ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ያንን አንገት ብዙ ጊዜ እንዳዩት ጻፉ፤ ዳይሬክተሩ አይቶ ካስቀረው ደግሞ ዕድል አይባልም አሉ። ቁጥር 28 እስካሁን አልመለሰም።